የመስቀሉ ጀርባ ስንጥር ሲያበዛ
በስክሮል ሶው (ቀጭን ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ እንጨት በሚቆርጥ ማሽን) ከዋንዛ ጣውላ መስቀል ስቆርጥ ፊቱ ያምራል፤ ጀርባው ግን ስንጥር በስንጥር ነው። ጣጣው ከምላጩ ነበር። የተለመደው ምላጭ ጥርሶቹ በሙሉ ወደ ታች ስለሚያዩ የታችኛውን ፊት ቦጭቆ ይወጣል። ከግርጌው ጥቂት ጥርሶቹ ወደ ላይ የዞሩ ምላጭ አለ። እሱን ገጠምኩ፣ መጠኑ ቁጥር 3፤ ለ10 ሚሊሜትር ጣውላ ይበቃል። ሲገጠም፣ ምላጩን የያዘው የማሽኑ ክንድ ወደ ላይ መጨረሻው ሲደርስ፣ የዞሩት 2 ወይም 3 ጥርሶች ከጠረጴዛው በላይ ብቅ ማለት አለባቸው። አለዚያ ከተራው ምላጭ አይለይም። እንጨቱ ላይ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር መለጠፍ ደግሞ ማሳረሩን ይቀንሳል።

ለማለስለስ ማሽን አልወድም፤ ቀጫጭኑን ሐረግ ይሰብራል። ጀርባው ጨርቅ የሆነ ብርጭቆ ወረቀት በቀጭኑ ቆርጬ፣ በቀዳዳው አሾልኬ ወዲያ ወዲህ እስበዋለሁ። መጀመሪያ ሻካራውን ቁጥር 150፣ ቀጥሎ ለስለስ ያለውን ቁጥር 220። ማስክ አይረሳ።