ሬጉሌተር ሲያስቸግር፦ የሚጠገነውና ወደ ፋብሪካ የሚመለሰው

ከጅቡቲ ወደ ድሬ የሚገባ ያገለገለ የባሕር መጥለቂያ ዕቃ አለ፤ ሬጉሌተር፣ ማለትም የሲሊንደሩን አየር ግፊት ቀንሶ ለጠላቂው የሚሰጠው ዕቃ፣ አንዱ ነው። ወደብ የሚሠሩ ልጆች ለበዓል ሲመጡ ይዘውት ይመጣሉ። እዚሁ ድሬ ያለው ታይዋን ገበያም አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። እኔ ጋ የሚደርሰው ሲበላሽ ነው። ሲሊንደሩ መሙላቱን፣ ጎሚኒው መኖሩን አይተሃል ብዬ ልጀምር።

ሳትተነፍስበት አየር ይፈስሳል

ሲሊንደሩን እንደከፈትክ ከፈሰሰ ችግሩ አፍ ላይ የሚያዘው ሰከንድ ስቴጅ ነው። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ከጀመረ ግን ሲሊንደሩ ላይ የሚታሰረውን ፈርስት ስቴጅ ጠርጥር። ይኼ ክፍል 200 ባር የሚሆነውን ግፊት ወደ 10 ባር አካባቢ ያወርዳል። ውስጡ ያለው የቫልቭ መቀመጫ ሲበላ ግፊቱ ቀስ እያለ ይጨምራል፣ ሰከንድ ስቴጁም መያዝ ያቅተዋል። መቀመጫው ይቀየራል፣ አለቀ። ግራሶ ግን እንዳትቀባ! የመኪና ግራሶና ዘይት ኦክስጅን የበዛበት አየር ሲያገኝ ሊቀጣጠል ይችላል። ጋራዥ ወስደው "ትንሽ አለስልሱልኝ" ብለው ያስቀቡትን ዕቃ ሙሉ በሙሉ ፈትቼ አጥቤያለሁ። በጣም ያናድዳል።

ማጣሪያው ቀለም ቀይሯል

ፈርስት ስቴጁ መግቢያ ላይ ያለው ማጣሪያ አረንጓዴ ከሆነ የባሕር ውሃ ገብቷል። ቀይ ቡናማ ከሆነ የብረት ሲሊንደር ዝገት ነው፤ ሲሊንደሩን ሳታስመረምር ማጣሪያ ብቻ አትቀይር።

አየሩ ይጠብባል

ደጋግሞ የሚመጣብኝ ይኼኛው ነው። ሰዉ ሁሉ የሚወነጅለው ሰከንድ ስቴጁን ነው። ጥፋተኛው ግን ብዙ ጊዜ ቱቦው ነው፤ ያ ላዩ በክር የተጎነጎነው፣ ቀለል ያለው ቱቦ።

የጎማ ቱቦ ሲያረጅ ላዩ ይሰነጠቃል፣ ታየዋለህ። የተጎነጎነው ግን ላዩ አዲስ መስሎ ውስጡ ያልቃል። የአንዳንዶቹ የውስጥ ሽፋን ከፖሊዩሪቴን የተሠራ ነው። ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ይፈርስና ቢጫ ክሪስታል ያበጃል። ክሪስታሉ ተነቅሎ ሲሄድ የአየሩን መንገድ ይዘጋል። ያውም ውሃ ውስጥ! እንግዲህ የድሬን ሙቀት አስበው። ዕቃው ሳይደርቅ ሻንጣ ውስጥ ይጠቀለላል፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ እስከ ሚቀጥለው በዓል ይቀመጣል።

አንድ የከዚራ ልጅ "አቦ፣ ይኼ ነገር ሊገድለኝ ነው" ብሎ መጣ። ቤት ሲሞክረው ይሠራል፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሲወርድ ይጠብበታል። ሻጩ ሁለተኛ ሰከንድ ስቴጅ ሸጦለታል፣ ለውጥ የለም። ቱቦውን ፈትቼ ነጭ ወረቀት ላይ ሳራግፈው ቢጫ ቅንጣት ወረደ። ቤት የሠራው እዚህ በቀስታ ስለሚተነፍስ ነው። ወደ ታች ሲወረድ አየሩ ስለሚከብድ በዚያው ጠባብ መንገድ አይበቃም።

መፍትሄው አዲስ ቱቦ ነው። በአየር ነፍቶ መልሶ መግጠም አይሆንም፤ የቀረው ነገ ይነቀላል። ሰከንድ ስቴጁንም ፈትተህ አጽዳ፣ ቅንጣት ይቀርበታል። ከዚያ በንጹህ ውሃ እጠብ፣ አድርቅ፣ ጥላ ውስጥ ሳታጥፍ አስቀምጥ። ባትሪ ይዘህ ቱቦውን ከጫፍ እያየህ ካልጨረስክ እንዳትጠልቅበት።

ተጠግኖም ያው ችግር ይመለሳል

እዚህ ጋ መፍቻህን አስቀምጥ። ፋብሪካው ራሱ "መልሱልኝ" ያለው ዕቃ ሊሆን ይችላል። ሪኮል፣ ማለትም የፋብሪካው "መልሱልኝ" ጥሪ፣ ሲወጣ ማስታወቂያው የሚደርሰው መጀመሪያ ገዝቶ ለተመዘገበው ሰው ነው። በሦስት እጅ ዞሮ ድሬ የገባውን ማን ይፈልገዋል? የመጥለቂያ ዕቃ አምራቹ ዩዋቴክ በ1995 የተሠሩትን አላዲን ኤር ኤክስ ናይትሮክስ የመጥለቂያ ኮምፒውተሮች የጠራው በ2003 ነበር፤ ጠላቂው ከወጣ በኋላ ናይትሮጅን ከሰውነቱ የሚወጣበትን ጊዜ በስህተት ያሰሉ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስምንት ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። እስከዚያ ዕቃው ስንት ሰው እጅ ይገባል?

ሪኮል የወጣበትን ዕቃ እኔም ሌላም ጠጋኝ መንካት የለብንም። ስህተቱ ከአሠራሩ ስለሆነ ጎሚኒ በመቀየር አይድንም። የአምራቹንና የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽንን ገጽ በሞዴሉና በመለያ ቁጥሩ ፈትሽ። የድሮ አሉሚኒየም ሲሊንደር ከሆነ 6351 የሚባለው ቅይጥ መሆን አለመሆኑንም አጣራ፤ አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል።

ከመግዛትህ በፊት የመለያ ቁጥሩን ፎቶ አንሣ። ቁጥሩ ከተፋቀ አትግዛ። ሻጩ "ምን ያደርግልሃል?" ካለህም አትግዛ።