ንቅለ ተከላ ካደረጋችሁ ስለ ሊምፎማ ይህን እወቁ

ንቅለ ተከላው ተሳክቶ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ሁሉም የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ ሰውነቱ አዲሱን አካል አልቀበልም እንዳይል። ልክ ነው፣ ያስፈራል። ግን ብዙም የማይወራለት ሌላ ችግር አለ። ሐኪሞች በአጭሩ ፒቲኤልዲ ይሉታል። ከንቅለ ተከላ በኋላ አንዳንድ ነጭ የደም ሴሎች ልጓም አጥተው መራባት ሲጀምሩ የሚመጣ ሕመም ነው። አንዳንዱ ገና ካንሰር ያልሆነ የሴሎች መብዛት ነው፤ አንዳንዱ ግን የለየለት ሊምፎማ፣ ማለትም ከነዚሁ ነጭ የደም ሴሎች የሚነሳ ካንሰር ነው። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም። ሲደርስ ግን ቶሎ ሊብስ ስለሚችል ምልክቱን ቀድሞ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል፣ ያ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ታካሚው ራሱ ወይም አስታማሚው ነው።

መነሻውን ልንገራችሁ፣ እሱ ከገባችሁ የቀረው ይቀላል። ኤፕስታይን-ባር የሚባል ቫይረስ አለ። የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑ አዋቂዎች ይህ ቫይረስ አለባቸው፤ አብዛኞቹ መቼ እንደያዛቸው እንኳ አያውቁም። በምራቅ ይተላለፋል። ከዚያ ቢ ሴል በሚባሉት የደም ሴሎች ውስጥ ተደብቆ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ጤነኛ ሰው ላይ ቲ ሴል የሚባሉት የሰውነት መከላከያ ሴሎች ሌት ተቀን ስለሚጠብቁት አይነሳም። ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው ግን እንደ ታክሮሊመስ ያለ መድኃኒት ይወስዳል፤ መድኃኒቱ አዲሱን አካል ከጥቃት የሚያድነው እነዚያኑ ቲ ሴሎች በማዳከም ነው። ጠባቂዎቹ ሲዳከሙ ቫይረሱን የተሸከሙት ቢ ሴሎች መብዛት ይጀምራሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መጠየቅ ነው። ለጋሹም ተቀባዩም የኤፕስታይን-ባር ምርመራ ተደርጎላቸዋል? ውጤቱስ? በተለይ አካል ለተተከለላቸው ሰዎች በጣም የሚያሰጋው ለጋሹ ቫይረሱ ኖሮበት ተቀባዩ ግን ከዚህ በፊት ይዞት የማያውቅ ሲሆን ነው። ልጆች ላይ ይህ ብዙ ያጋጥማል። ስጋቱ እንደተተከለው አካልም ይለያያል፤ አንጀት ላይ ከፍተኛው ነው፣ ሳንባና ልብ ይከተላሉ፣ ኩላሊት ዝቅ ይላል። ከሌላ ሰው በተወሰደ ስቴም ሴል (የደም ሴሎችን የሚያመርቱ እናት ሴሎች) ንቅለ ተከላ ደግሞ ለጋሽና ተቀባይ በደንብ ካልተጣጣሙ፣ የለጋሹ ቲ ሴሎች ተለይተው ከወጡ ወይም ቲ ሴሎችን የሚቀንሰው ኤቲጂ የሚባለው መድኃኒት ከተሰጠ ስጋቱ ይጨምራል።

ቀጥሎ ፒሲአር በሚባለው ምርመራ በደም ውስጥ ያለውን የቫይረሱን መጠን በየስንት ጊዜው እንደሚለኩላችሁ ጠይቁ። ከስቴም ሴል ንቅለ ተከላ በኋላ ስጋቱ ከፍ ያለ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት በየሳምንቱ ሊለካ ይችላል። ውጤቱን ጻፉት። አንዱን ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትደንግጡ፤ ዋናው ነገር እየወጣ ነው ወይስ እየወረደ የሚለው ነው። ከተቻለም ሁልጊዜ አንድ ላብራቶሪ ይሁን፤ አንዱ በሙሉ ደም ሌላው በፕላዝማ (ሴሎቹ ተለይተው በሚቀረው የደም ፈሳሽ) ከለካ ቁጥሮቹን ማወዳደር ያሳስታል። ቫይረሱ በደም ውስጥ አልታየም ማለት ደግሞ በሽታው የለም ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ሰውነታችሁ። አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ ንፍፊት ካለ በእጃችሁ ዳብሱ፤ የማያምም እብጠትም ቢሆን ቸል አትበሉት፣ እንዲያውም የሊምፎማ እብጠት ብዙ ጊዜ አያምም። ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት፣ ልብስ የሚያርስ የሌሊት ላብ፣ ሳይፈልጉ መክሳት፣ የማይለቅ ድካም ሁሉም ይነገራል። ልጅ ከሆነ ቶንሲሉ አብጦ አዲስ ማንኮራፋት ሊጀምር ይችላል፣ ይህንን ጉንፋን ነው ብሎ ማለፍ በጣም ቀላል ስለሆነ ወላጆች አደራ። ሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ካለ በሽታው አንጀት ላይ ሊሆን ይችላል። አዲስ ራስ ምታት፣ መዘባረቅ ወይም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍ ከታየ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ወዲያው ሂዱ። አንዳንዴም ብቸኛው ምልክት የተተከለው አካል ሥራ መዳከም ነው።

እዚህ ጋ ቆም በሉ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። መድኃኒቱ ነው ጠባቂዎቹን ያዳከመው ሲባል ሰው በራሱ ውሳኔ ክኒኑን ሊተው ይችላል። በጭራሽ! የተተከለውን አካል ልታጡት ትችላላችሁ። እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የንቅለ ተከላ ቀዶ ሐኪሙ ቶማስ ስታርዝልና ባልደረቦቹ መድኃኒቱ ሲቀነስ ዕጢው ሊጠፋ እንደሚችል አሳይተዋል፣ ዛሬም አካል ለተተከለላቸው ብዙ ሰዎች የመጀመሪያው ሕክምና ይኸው ነው። ግን የትኛው፣ በምን ያህል፣ በየትኛው ቀን የሚለውን የሚወስነው የንቅለ ተከላ ቡድኑ ነው፣ በደም ምርመራ እየተከታተለ።

ሐኪሙ ከጠረጠረ የፔት ስካን ወይም የሲቲ ምስል ይታዘዛል፣ እርግጡን የሚናገረው ግን ባዮፕሲ፣ ማለትም ከእብጠቱ ናሙና ወስዶ መመርመር ነው። ሙሉ ንፍፊቱ ወጥቶ ቢመረመር ከቀጭን መርፌ ናሙና የተሻለ መረጃ ይሰጣልና ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።

ሕክምናው እንደ ዓይነቱ ይለያያል። መድኃኒት መቀነስ ካልበቃ፣ ወይም መቀነስ ካልተቻለ፣ ቢ ሴሎችን የሚያጠቃው ሪቱክሲማብ ይሰጣል፤ ለአንዳንዱ ኬሞቴራፒ ይጨመራል። ከስቴም ሴል ንቅለ ተከላ በኋላ የቫይረሱ መጠን ሲወጣ ብቻ ታይቶ፣ ዕጢ ሳይመጣ፣ ሪቱክሲማብ የሚጀመርበት ጊዜም አለ። ከመጀመሩ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ መደረጉን አረጋግጡ፣ መድኃኒቱ ተኝቶ የቆየውን ሄፓታይተስ ሊቀሰቅሰው ይችላል። ቫይረሱን ለይተው የሚያጠቁ ቲ ሴሎችም አሉ፤ ታቤሌክሉሴል የተባለው በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ተፈቅዷል። እንደ አሲክሎቪር ያሉ የቫይረስ መድኃኒቶች ግን ብቻቸውን አያክሙትም፣ የተደበቀውን ቫይረስ አይነኩትማ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከስቴም ሴል ንቅለ ተከላ በኋላ ሕመሙ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት ይመጣል። አካል የተተከለለት ሰው ግን ከዓመታት በኋላም ሊያገኘው ይችላል፣ ያኔ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቫይረሱ የሌለበት ነው። ስለዚህ ከአሥር ዓመት በኋላ በትኩሳት ወይም በእብጠት አዲስ ሐኪም ዘንድ ብትሄዱ፣ ገና ስትቀመጡ ንቅለ ተከላ እንዳደረጋችሁ ተናገሩ፣ የመድኃኒቶቻችሁን ዝርዝር አሳዩ፣ የንቅለ ተከላ ቡድናችሁን ስልክም ስጡት።