የአንጎል ምስሎችና የሰንጠረዡ ረድፎች እንዳይፋለሱ

የብዙ ሰዎች የአንጎል ምስሎች አብረው በሚመረመሩበት የቡድን ትንተና ጊዜ እንደ ኤፍኤስኤል (FSL) ያለ የምስል መተንተኛ ሶፍትዌር የተሳታፊ ስም አያነብም። የመጀመሪያውን ምስል ከዲዛይን ማትሪክሱ (የየተሳታፊውን ዕድሜ፣ ቡድንና የመሳሰለውን ከያዘው ሰንጠረዥ) የመጀመሪያ ረድፍ፣ ሁለተኛውን ከሁለተኛው ጋር ያጣምራል፤ በቃ። ረድፎቹ ከተፋለሱ የአንዱ ሰው ዕድሜ ለሌላው አንጎል ይሰጣል። የስህተት መልእክት አይወጣም፤ የውጤቱ ካርታም እንደ ወትሮው አምሮ ይመጣል። በጣም የሚያሰጋውም ይኸው ነው።

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከፋይል ስም ነው። ኮምፒውተሩ በፊደል ተራ ሲደረድር ከ«ሰው1» ቀጥሎ «ሰው10»ን ያመጣል፤ «ሰው2» የሚመጣው ከ«ሰው19» በኋላ ነው። ኤክሴል ላይ ያለው ሰንጠረዥ ግን 1፣ 2፣ 3 እያለ ይቀጥላል። የአንጎልን ነጭ ክፍል በሚመረምረው የኤፍኤስኤል መሣሪያ፣ በቲቢኤስኤስ (TBSS)፣ የሚሠሩ በተለይ ይጠንቀቁ፤ የሁሉም ሰው ምስል በተራ የሚዋሐድበት ባለአራት ልኬቱ ፋይል የሚገነባው በዚያው የፊደል ተራ ነው። ስሞቹን ገና ከጅምሩ 001፣ 002፣ 010 ብለው በዜሮ ይሙሏቸው።

ቀጥሎ አንድ የስም ዝርዝር ብቻ ያዘጋጁ። ምስሎቹ የሚዋሐዱትም፣ ማትሪክሱ የሚወጣውም ከእሱ በስክሪፕት ይሁን፤ በእጅ ገልብጦ መለጠፍ ይቅር። በጭንቅላት እንቅስቃሴ ምክንያት ምስሉ የሚጣል ተሳታፊ ካለ ከዝርዝሩ ሰርዘው ሁለቱንም እንደገና ያመንጩ።

የምስሎቹና የረድፎቹ ብዛት እኩል መሆኑ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም። ከተዋሐደው ፋይል ከመጀመሪያው፣ ከመሃሉና ከመጨረሻው አንዳንድ ምስል ያውጡ። ኤፍኤስኤል ከዜሮ ስለሚቆጥር የ17ኛው ረድፍ ምስል ቁጥሩ 16 ነው። ያወጡትን ምስል ከመዋሐዱ በፊት ከነበረው የዚያው ሰው ፋይል ላይ ይቀንሱ፤ ልዩነቱ በሁሉም ቮክስል (ምስሉ በተሠራበት ትንሽ ኩብ) ዜሮ መሆን አለበት።

ምስልና ረድፍ አብረው ቢዘዋወሩስ? የቲ ካርታው (በየቮክስሉ የተሰላው የስታቲስቲክስ ዋጋ) አይለወጥም። የኤፍኤስኤሉ ራንዶማይዝ፣ መረጃውን ደጋግሞ እያቀያየረ (ፐርሙቴሽን) የሚፈትነው ፕሮግራም፣ የሚሰጠው የፒ ዋጋ (እውነተኛ ውጤት ባይኖር ይህን ያህል ጠንካራ ውጤት የመታየቱ ዕድል) ግን በጥቂቱ ሊለወጥ ይችላል፤ የሚሞክራቸው ፐርሙቴሽኖች ናሙና ስለሆኑ ተራው ሲቀየር የሚደርሰው ናሙናም ሌላ ይሆናል። በ5000 ፐርሙቴሽን፣ 0.05 የሆነ ፒ የእርግጠኝነት ወሰኑ ±0.0062 ገደማ ነው፤ በ10000 ወደ ±0.0044 ይጠብባል። የቲ ካርታው ራሱ ከተለወጠ ግን ጉዳዩ የናሙና አይደለም፤ ረድፍ ተፋልሷል።

ከአንድ ሰው ሁለት ምስል፣ የበፊትና የኋላ፣ ሲኖር ጥንቃቄው እጥፍ ነው። ፐርሙቴሽኑ በማን ምስሎች መካከል እንደሚለዋወጥ የሚወስነው የብሎክ ፋይልም የሚነበበው በረድፍ ተራ ነው፤ ከተሳሳተ የተለያዩ ሰዎች ምስሎች እንደ አንድ ሰው ይለዋወጣሉ። ስለዚህ የብሎኩ ቁጥር እንደ ዕድሜና እንደ ቡድን ሁሉ በዚያው ዝርዝር ውስጥ አንድ ዓምድ ሆኖ ይግባ።