ሁለት ርካሽ ቲቪ ፊታችሁ ቢቀርብ የቱን ትወስዳላችሁ?

ሱቅ ውስጥ ሁለት ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። ዋጋቸው ይቀራረባል። አንዱ ላይ «4ኬ» የሚል ትልቅ ስቲከር አለ፣ ምስሉ በብዙ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው ማለት ነው፤ ሌላው ነጥቦቹ ያነሱበት ፉል ኤችዲ ነው። ሻጩ «ያው ዋጋው አንድ ነው፣ 4ኬውን ውሰዱ» ይላል። ብዙ ሰው ነገሩን እዚህ ላይ ይጨርሰዋል። ዕቃው ቤት ሲገባ ግን ጥግ ላይ የሚቀመጠው ሰው ምስሉ ይደበዝዝበታል፣ አንገቱን ሲያጣምም ያመሻል።

በዚህ ዋጋ ሁሉን የሚያሟላ ቲቪ የለም። አንዱ በጎን ለሚያይ ይመቻል። ሌላው ማታ መብራት አጥፍቶ ፊልም ለሚያይ። ስለዚህ ምርጫውን ቤታችሁ ሆናችሁ ጀምሩ።

1. ርቀቱን ለኩ

ሜትር አውጡና ቲቪው ከሚሆንበት ግድግዳ እስከ ሶፋው ድረስ ለኩ። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ከሆነ ብዙ ጊዜ 2 ሜትር ተኩል ወይም 3 ሜትር ታገኛላችሁ።

የ43 ኢንች ስክሪን ወርዱ 95 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ፉል ኤችዲ ይህን ወርድ ለ1920 ነጥቦች ያካፍለዋል። አንዷ ነጥብ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ትሆናለች ማለት ነው። ጤናማ ዓይን ከ1 ሜትር ከ70 ገደማ ከራቀ እነዚህን ነጥቦች ለያይቶ ማየት ያቅተዋል። 4ኬው ያንኑ ወርድ ለ3840 ያካፍላል፤ 3 ሜትር ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን ትርፉ አይታየውም።

የምታዩት ነገርም ይወስናል። በዲሽ የሚገቡት የአገር ውስጥ ቻናሎች ቢበዛ ኤችዲ ናቸው። የ4ኬ ቪዲዮ በዋናነት የሚገኘው ከኢንተርኔት ነው፣ እሱም ፍጥነት ይጠይቃል። ዩቲዩብ ለ4ኬ በሰከንድ 20 ሜጋቢት፣ ለፉል ኤችዲ 5 ሜጋቢት እንዲኖር ይመክራል። የቤታችሁ ዋይፋይ 10 ሜጋቢት ከሆነ ባለ 4ኬው ቲቪም ብዙውን ጊዜ የሚያሳያችሁ ያንኑ ፉል ኤችዲ ነው።

4ኬ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። መኝታ ቤት ውስጥ ከሜትር ተኩል ለሚያይ ሰው ልዩነቱ ይታያል። ቲቪውን ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ ጽሑፍ ለሚያነብም እንዲሁ። ሌላው ነገር ሁሉ እኩል ከሆነ እሱኑ ውሰዱ። ችግሩ ሌላው ነገር እኩል የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት መሆኑ ነው።

2. ማን የት እንደሚቀመጥ አስቡ

እኔ ከሁሉም በላይ የምመዝነው ይህን ነው። ሻጭ ግን ብዙም አያነሳውም።

ርካሽ ቲቪዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ኤልሲዲ ናቸው። ካርቶኑ ላይ «ኤልኢዲ» የሚለው ከኋላ የሚያበራውን መብራት ነው። ከፊት ያለው ፓኔል በብዛት ከሁለት ዓይነት አንዱ ነው፦ አይፒኤስ ወይም ቪኤ።

አይፒኤስ በጎን ሲታይ ቀለሙን አይለቅም። ጥቁሩ ግን ጥቁር አይደለም፣ ወደ ግራጫ ያደላል። ቪኤ ደግሞ ጥቁሩ ድፍን ነው። በአይፒኤስ በነጩና በጥቁሩ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት 1000 ለ1 አካባቢ ሲሆን፣ በቪኤ 3000 ለ1 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የቪኤ ድክመት በጎን ሲታይ ነው። ከመሃል ትንሽ ሸርተት ስትሉ የሰው ፊት ይነጣል፣ ቀለሙ ይታጠባል።

አሁን ቤታችሁን አስቡት። ሶፋው ኤል ቅርጽ ነው፣ አንዱ ክንፍ ቲቪውን በጎን ነው የሚያየው። ቡና ሲፈላ የምታፈላዋ ረከቦቱ ጋ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ናቸው። ቲቪው ደግሞ ግድግዳ ላይ ከፍ ተደርጎ ተሰቅሏል። ከታች ወደ ላይ ማየትም እንደ ጎን ነው፣ ቪኤ እዚያም ይደክማል። እንዲህ ያለ ቤት በቀን ዜና፣ ድራማና ኳስ የሚያይ ከሆነ አይፒኤሱን ይውሰድ፣ ፉል ኤችዲም ቢሆን። በቀን ብርሃን የጥቁሩ ግራጫነት ብዙም አያስታውቅም፤ ቡና የምታፈላዋ ግን ምስሉን በደንብ ታያለች። የቤቱ ሁሉ ዕቃ ነውና እሷ ከቁጥር ውጭ መሆን የለባትም።

በተቃራኒው ሁለት ሰው ወይም አንድ ሰው ብቻውን ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ማታ፣ መብራት ቀንሶ ፊልም የሚያይ ከሆነ ቪኤው ያስደስተዋል። የሌሊት ትዕይንት ላይ ጨለማው ጨለማ ይሆናል፣ ውስጡ ያለው ነገርም ተለይቶ ይወጣል። አይፒኤሱ እዚያ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል።

3. ፍላሽ አዘጋጁ

በሱቅ ውስጥ የሚከፈተው ቪዲዮ ቲቪውን ለማሳመር የተሠራ ነው። በቀቀኖች፣ አበባ፣ የተቆረጠ ፍራፍሬ። እሱ ላይ ሁሉም ቲቪ ያምራል። የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፦ የጨለመ ትዕይንት ያለበት የፊልም ቁራጭ፣ የኳስ ጨዋታ ቁራጭ፣ የሰው ፊት በቅርብ የሚታይበት ቃለ ምልልስ፣ እንዲሁም ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁርና ሙሉ ግራጫ የሆኑ ሦስት ፎቶዎች። ፍላሹ በፋት32 ፎርማት የተደረገ ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ቁራጮቹን አጫጭር አድርጓቸው።

4. ሱቁ ውስጥ እንዲህ ፈትኑ

መጀመሪያ ሁለቱንም ቲቪ አንድ ዓይነት የምስል ሁነታ ላይ አስደርጉ፣ «ስታንዳርድ» ይበቃል። ለሽያጭ የቆመ ቲቪ ብዙ ጊዜ «ቪቪድ» ወይም «ዳይናሚክ» ላይ ነው፤ ብርሃኑ እስከ ጫፍ ተለቅቆ ዓይን ይወጋል።

ከዚያ ቃለ ምልልሱን ክፈቱና ቀስ እያላችሁ ወደ ጎን ተራመዱ። ቤታችሁ ያለው የጥጉ ወንበር ያህል ስትርቁ ቁሙ። ፊቱ እንደነበረ ነው ወይስ ነጣ? ጎንበስ ብላችሁም እዩ። ፓኔሉ የቱ እንደሆነ ካርቶኑ ባይጽፍ እንኳ እዚህ ላይ ይታወቃል። ቀጥሎ የጨለመውን ትዕይንት ከፊት ለፊት እዩት። ከተቻለ የሱቁን መብራት ለአንድ ደቂቃ ያጥፉላችሁ፤ ጨዋ ሻጭ እምቢ አይልም።

በነጩ ፎቶ ላይ የሞተ ነጥብ ፈልጉ፣ ጥቁር ሆኖ ይታያል። በጥቁሩ ላይ ከጥግ የሚያፈስ ብርሃን ታያላችሁ። በግራጫው ላይ ደግሞ የቆሸሸ መስታወት የሚመስል ጥላ፤ ኳስ ላይ ካሜራው ሜዳውን ሲያቋርጥ የሚያስቸግረው እሱ ነው። ካርቶኑ ላይ ስለ እንቅስቃሴ 120 ወይም 200 የሚል ቁጥር ብታዩ አትገረሙ። በዚህ የዋጋ ደረጃ ያለ ቲቪ በአብዛኛው ባለ 60 ኸርዝ ነው፣ ማለትም ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ ያድሳል፣ የቀረው የሶፍትዌር ስም ነው። «ኤችዲአር» (ደማቁንና ጨለማውን አጉልቶ ለማሳየት የተዘጋጀ የቪዲዮ ዓይነት) የሚለውም እንደዚያው፤ ቲቪው በቂ ብርሃን ከሌለው ፋይሉን ይከፍታል እንጂ ምስሉን አይለውጠውም።

አንድ ነገር አደራ። አንዱ ሞዴል በሁለት ዓይነት ፓኔል ሊመረት ይችላል። ስለዚህ ለዕይታ የቆመውን አይታችሁ ካርቶኑን ዝግ ተሸክማችሁ አትሂዱ። የምትወስዱትን ራሱን አስከፍቱና ያንኑ ፍላሽ ሰኩበት።

5. «ስማርት» የሚለውን አጣሩ

አንዳንዱ ርካሽ ስማርት ቲቪ ጎግል ፈቃድ የሰጠው ሲስተም የለውም፣ ባዶ አንድሮይድ ነው። ዩቲዩብ ይከፍት ይሆናል፣ ኔትፍሊክስ ግን ላይሠራ ይችላል። ከስልካችሁ ሆትስፖት ለቃችሁ የምትጠቀሙባቸውን መተግበሪያዎች እዚያው ክፈቷቸው። የሚንቀራፈፍ ከሆነ ምስሉ የተሻለውን ቲቪ ውሰዱና ቲቪ ቦክስ ጨምሩበት። ቦክስ በማንኛውም ጊዜ ይቀየራል፣ ፓኔል አይቀየርም።

ዲሽ ለሚጠቀም ቤት የውስጥ ሪሲቨር መኖሩን ጠይቁ። ዲቪቢ ኤስ2 የሚል ጽሑፍ ካለ የዲሹ ገመድ በቀጥታ ይገባል፤ ነፃ ቻናሎችን ለማየት አንድ ሪሞትና አንድ ሶኬት ትቆጥባላችሁ።

6. ከመክፈላችሁ በፊትና ቤት ስትገቡ

ደረሰኙ ላይ የሞዴሉና የሴሪያል ቁጥሩ ይጻፍ፣ ማህተም ይኑረው። ጋራንቲው ስክሪኑን ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ። የተሰበረ ስክሪን ማስቀየር ብዙ ጊዜ አዲስ ቲቪ ከመግዛት አይተናነስም። ታክሲ ላይ ሲጫን ካርቶኑ ቆሞ ይጓዝ፣ አታስተኙት፣ ላዩም ላይ ዕቃ አትጫኑ።

ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ ዝቅ ያለ ኃይልን ይችላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣውን ምት ግን አይችልም፤ ሲሄድ ነቅላችሁ፣ ከተመለሰ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሰኩት፣ ወይም ስታቢላይዘር ግዙ።

ሲከፈት «ሆም» የሚለውን ምረጡ እንጂ «ስቶር» የሚለውን አትንኩ። ለማታ ፊልም «ሙቪ» ወይም «ሲኒማ» ላይ አድርጉት። መጀመሪያ ላይ ቢጫ ያደላ ይመስላችኋል፣ ዓይን ሲለምደው ግን የሰው ቆዳ እውነተኛ መልኩን ይይዛል። «ሻርፕነስ» የሚለውን ዝቅ አድርጉት። ግድግዳ ላይ ስትሰቅሉም የስክሪኑ መሃል ተቀምጣችሁ ከዓይናችሁ እምብዛም ከፍ አይበል።