ፒክአፕ ፊቱ ከተነሳ በኋላ የሚመጡ ችግሮች፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ጎጃም ውስጥ ፊቱን ያስነሳ ሃይሉክስ ማየት ብርቅ አይደለም። ምክንያቱም ይገባኛል። ፒክአፕ ከፋብሪካ ሲወጣ ኋላው ከፍ፣ ፊቱ ዝቅ ያለ ነው። ክረምት ላይ የገጠር መንገድ ስትገቡ ድንጋዩ መጀመሪያ የሚያገኘው ፊቱን ነው። ስለዚህ ሾክ አብዞርበሩ አናት ላይ ስፔሰር (ከፍታ የሚጨምር ወፍራም ቀለበት) ይገባል፣ ፊቱም ከኋላው ጋር ይስተካከላል። ሥራው ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔንም አግኝቶኛል።

የምጽፈው እ.ኤ.አ. በ2004 ከወጣው ቪጎ ጀምሮ ስላሉት፣ ፊታቸው በጥቅልል ሞላ (ስፕሪንግ) ስለሚሠራ ሃይሉክሶች ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ባለ ቶርሽን ባሮች (በጥቅልል ሞላ ፈንታ የሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ ያላቸው) ስፔሰር አይገባላቸውም። እነሱን ማንሳት ማለት ማስተካከያ ቡሎኑን ማጥበቅ ነው።

ሲጫን አፍንጫው ሰማይ ያያል፣ መሪው ይቀላል

በኛ አገር ትልቁ ችግር ይሄ ነው። ባዶውን ሲያዩት ያምራል። 8 ኩንታል ጤፍ ሲጫንበት ግን ኋላው ቁጭ ይላል፣ ፊቱ ይነሳል። መሪው እጅ ላይ ቅልል ይላል። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ ደግሞ መሪና ፍሬን የምትሹት ከፊት ጎማ ነው።

መንስኤው ቀላል ነው። ኋላው ከፍ ብሎ የተሠራው ጭነት እንዲሸከም ነው። ኋላው ባዶውን 6 ሳ.ሜ. ከፍ ይል የነበረ መኪና በጭነት 6 ሳ.ሜ. ከወረደ፣ ያለ ምንም ስፔሰር ተስተካክሏል ማለት ነው። በዚያ ላይ ፊቱን 5 ሳ.ሜ. ካነሳችሁት ተበላሸ።

መፍትሄው ሜትር ነው። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ። ከጎማው መሃል ቀጥታ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በአራቱም ጎማ ለኩና ጻፉ። ከመሬት አትለኩ፤ የጎማ አየር ያሳስታችኋል። ከዚያ ሁልጊዜ የምትጭኑትን ያህል ጭናችሁ እንደገና ለኩ። ኋላው ስንት እንደወረደ ሳታውቁ ስፔሰር አትግዙ። የዘወትር ሥራው ጭነት ለሆነ መኪና ከ2 እስከ 3 ሳ.ሜ. በላይ ባታነሱት እመክራለሁ።

አንድ ሰው ኋላው ላይ ባሌስትራ ጨምሩበት ሊላችሁ ይችላል። ይሠራል። ግን ብዙ ሃይሉክሶች ላይ የኋላውን ፍሬን እንደ ጭነቱ የሚመጥን ቫልቭ አለ፣ ከኋላ አክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ። ኋላው ሲነሳ ቫልቩ መኪናው ባዶ ነው ብሎ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። ባሌስትራ ከጨመራችሁ ቫልቩም አብሮ ይስተካከል።

ከተባለው በላይ ተነሳ

25 ሚ.ሜ. ስፔሰር አስገብታችሁ 5 ሳ.ሜ. ገደማ ተነሳ? ስህተት አይደለም። ሾኩ የሚያርፈው የታችኛው አርም (ጎማውን ከሻሲው ጋር የሚያያዘው ክንድ) መሃል አካባቢ እንጂ ጎማው ጋ አይደለም። አናቱ ላይ የጨመራችሁት ጎማው ጋ ሲደርስ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ብዙ ሰው 50 ሚ.ሜ. ስፔሰር የሚገዛው ይህን ሳያውቅ ነው። የቀሩት ችግሮች አብዛኞቹም ከዚህ ይመነጫሉ።

ሲታጠፍ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ጎማው ውስጥ ግራሶ ተረጭቷል

የእኔ መኪና ላይ የሆነው ይህ ነው። 50 ሚ.ሜ. አስገቡልኝ። እኔም አልጠየቅሁም፣ እነሱም አልለኩም። ከቢቸና ስመለስ ለነዳጅ ቆሜ ጎንበስ ብዬ አየሁ። የጎማው ውስጠኛ ጎን በጥቁር ግራሶ ተለቅልቋል። በሁለት ጣቴ ይዤ አሸሁት። አሸዋው ጣቴን ቆረቆረኝ። የሲቪ ጆይንቱ (የሞተሩን ኃይል ወደ ፊት ጎማው የሚያደርሰው መታጠፊያ) መሸፈኛ ጎሚኒ እጥፋቱ ላይ ዙሪያውን ተቀዷል።

ፊቱ ሲነሳ ሲቪ ጆይንቱ በቁልቁል ይጠመዘዛል። የጎሚኒው እጥፋቶች እርስ በርስ ይፋተጉና ይቀደዳሉ። ከዚያ ግራሶ ይወጣል፣ ጭቃ ይገባል።

ድምፅ ሳይጀምር ካገኛችሁት ጆይንቱን አሳጥቡ፣ አዲስ ግራሶና ጎሚኒ ይግባለት። ቀጭ ቀጭ ካለ ግን ጆይንቱ ራሱ ተበልቷል፣ መቀየር ነው። በሁለቱም ግን ከፍታውን ካልቀነሳችሁ አዲሱም ይቀደዳል። የፊት ዲፈረንሻሉን ዝቅ የሚያደርግ ኪትም አለ። እኔ ስፔሰሩን በቀጭን ቀየርኩ፤ ከዚያ ወዲህ አልተቀደደም።

ኳ ኳ ይላል

መቼ እንደሚል ለዩ። ጎማው ከጉብታ ወርዶ ሲንጠለጠል ብቻ ከሆነ ሾኩ ጫፉ ድረስ ተዘርግቶ እየተማታ ነው። ሞላው ውስጥ ስፔሰር ገብቶ ሞላው ከልክ በላይ ሲታመቅ ይህ ይመጣል፤ መኪናውም ይደርቃል፣ ማለትም መንገዱን አያለሰልስም። መፍትሄው ስፔሰሩን መቀነስ ወይም ልኩ የሆነ ሞላና ሾክ መግዛት ነው።

ኮረኮንች ላይ ሳያቋርጥ ካንኳኳ የላላ ነገር አለ። ሞተሩን አጥፉ። አንድ ሰው ፊቱን ወደ ታች እየገፋ ይልቀቅ፣ እናንተ እጃችሁን የሾኩ አናት ላይ አድርጉ። የላላ ዳዶ በጣት ይታወቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ጋራዥ የሚስተው ነገር አለ። የአርሙና የሾኩ የታች ቡሎኖች መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። በክሪክ ተንጠልጥሎ ከጠበቁ ጎሚኒዎቹ ተጠምዝዘው ይቀራሉ፣ ቶሎም ይቀደዳሉ። ከ100 ኪ.ሜ. በኋላም ሁሉንም ደግማችሁ አጥብቁ።

ሞላ መፍታት ካስፈለገ ደግሞ በደህና የሞላ መጭመቂያ ብቻ ይፈታ። በገመድና በሽቦ ታስሮ ሲፈታ አይቻለሁ። የታመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል። እንዲህ የሚሠሩ ከሆነ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

መሪው ይዋልላል፣ ጎማው ባንድ ጎን ይበላል

አላይመንት አልተሠራም። ፊቱ ሲነሳ የጎማው ማዕዘኖች በሙሉ ይቀየራሉ። ከታጠፈ በኋላ መሪው በራሱ የማይመለስ ከሆነ የቀነሰው ካስተር (ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ያለው ዘንበል) ነው። ጎማው የሚበላው ደግሞ የፊት ጎማዎቹ አቅጣጫ ወይም ካምበሩ (የጎማው አናት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ) ሲዛባ ነው። አቅጣጫውን በገመድ ለጊዜው ማስተካከል ይቻላል። ካስተርና ካምበር ግን ማሽን ይፈልጋሉ። የታችኛው አርም ማስተካከያ እስከ ጫፉ ተዙሮም ካልደረሰ፣ ወይ ከፍታው ይቀነስ ወይ ለተነሳ መኪና የተሠራ የላይኛው አርም ይግባ።

የፍሬን ቱቦው ተወጠረ

ይሄ ለነገ አይባልም። ጎማውን በክሪክ አንጠልጥሉ፣ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ ጫፍ አዙሩ። ቱቦውም የኤቢኤስ ሽቦውም መላላት አለባቸው። ከተወጠሩ ማሰሪያቸው ይዛወር ወይም ረጅም ቱቦ ይግዙላቸው። እስከዚያ አትንዱት።

ባንድ ጎን ያዘነብላል

የጎማ አየር አይታችሁ ለኩ። በብዙ ሃይሉክስ የግራና የቀኝ ሞላ ልዩ ነው፤ ሲገጠም ተለዋውጦ ሊሆን ይችላል። ካልሆነ የደከመ ሞላ ነው፤ ጥንዱን ቀይሩ።

መብራቱ የመጪውን ዓይን ይወጋል

ፊቱ ሲነሳ መብራቱም ይነሳል። ማታ ግድግዳ ፊት አቁማችሁ ማስተካከያውን ወደ ታች አውርዱ። ይህን ስታደርጉ መኪናው እንደ ወትሮው የተጫነ ይሁን።