«አይታይም» ከተባለ በኋላ ክኒኑ ለምን አይቆምም?

የኤችአይቪ ቫይረስ መጠን ምርመራ «አይታይም» የሚል ውጤት ሲያመጣ አብሮ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ ቫይረሱ ከሌለ ታዲያ የምውጠው ምንን ለማከም ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው። ምርመራው የሚቆጥረው በደሙ ፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፈውን ቫይረስ ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ50 ኮፒ (የቫይረስ ቅጂ) በታች ሲሆን «አይታይም» ይባላል። ህዋስ ውስጥ ያንቀላፋውን ግን አይቆጥረውም። ክኒኑ በየቀኑ የሚዋጠው በዚህ ባልተቆጠረው ምክንያት ነው።

ኤችአይቪ በዋናነት የሚያጠቃው ሲዲ4 የሚባለውን ነጭ የደም ህዋስ ነው። ወደ ህዋሱ እንደገባ አርኤንኤ የተባለውን ዘረመሉን ወደ ዲኤንኤ፣ ማለትም የሰው ዘረመል ወደተሠራበት ዓይነት፣ ይገለብጣል። ቀጥሎ ኢንተግሬዝ የተባለው ኢንዛይም የሰውየውን ዲኤንኤ ይቆርጥና የቫይረሱን እመሃሉ ያስገባዋል። ጥልፍ ጨርቅ ላይ እንደሚገባ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። እንዲህ ከተያዙት ህዋሳት ቫይረስ ማምረት የጀመሩት አብዛኞቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታሉ። ጥቂቶቹ ግን ሳይሞቱ ወደ ዕረፍት ይመለሱና የማስታወሻ ህዋስ ይሆናሉ። የማስታወሻ ህዋስ ሥራው ያለፈን በሽታ ለዓመታት ማስታወስ ስለሆነ ዕድሜው ረጅም ነው። ዕረፍት ላይ እያለ የቫይረሱን ፕሮቲን ስለማያመርት የሰውነት መከላከያ አያየውም፤ መድኃኒቱም የሚያስቆመው ሥራ አያገኝም።

መድኃኒቶቹ የሚሠሩት እየተራባ ባለው ቫይረስ ላይ ነው። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ግልበጣውን ያግዳሉ፤ ዶሉቴግራቪር የቫይረሱ ዲኤንኤ ወደ ህዋሱ ዲኤንኤ እንዳይገባ ይከለክላል። አዲስ ህዋስ እንዳይያዝ ያደርጋሉ እንጂ ቀድሞ የገባውን ነቅሎ የሚያወጣ አንድም የለም።

ይህ የተደበቀ ክምችት በቁጥር ትንሽ ነው፦ ዕረፍት ላይ ካሉ አንድ ሚሊዮን ገደማ የሲዲ4 ህዋሳት አንዱ ተቀስቅሶ ቫይረስ ማምረት ይችላል። ችግሩ ቶሎ አለማለቁ ነው። በግማሽ ለመቀነስ 44 ወር ያህል እንደሚፈጅበት ተለክቷል፤ በዚህ አካሄድ ለመጨረስ ከ70 ዓመት በላይ ይጠይቃል። ደግሞም ህዋሱ ራሱ ይባዛል። የሚያስታውሰውን በሽታ ዳግም ሲያገኝ ለሁለት፣ ለአራት እየተከፈለ ይበዛል፤ በየክፍፍሉም የቫይረሱ ዘረመል አብሮ ይገለበጣል። አዲስ ህዋስ ሳይያዝ ክምችቱ ይሞላል ማለት ነው። ከእነዚህ ዘረመሎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የተበላሹ ቢሆኑም ቫይረሱን ለመመለስ ጥቂት ያልተበላሹት ይበቃሉ። መደበቂያቸውም ደም ብቻ አይደለም፤ ንፍፊት፣ የአንጀት ግድግዳና አንጎልም ጭምር ነው።

መድኃኒት ሲቆም ቫይረሱ በአብዛኛው ሰው ላይ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይመለሳል። በ2010 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሚሲሲፒ ውስጥ የተወለደች ሕፃን በ30 ሰዓት ዕድሜዋ መድኃኒት ጀመረች፤ በ18 ወሯ ገደማ አቋረጠች። ከሁለት ዓመት በላይ ቫይረሱ ሳይታይ ቆይቶ በ2014 እ.ኤ.አ. ተመለሰ። ያን ያህል ቶሎ ተጀምሮም የተደበቀው አልጠፋም ነበር።

በየቀኑ የሚደረገው ጥንቃቄ እንግዲህ ለዚህ ነው። በስፋት የሚሰጠው ክኒን 300 ሚሊ ግራም ቴኖፎቪር፣ 300 ላሚቩዲንና 50 ዶሉቴግራቪር የያዘ ሲሆን በቀን አንድ ይዋጣል። ከረሱ ባስታወሱበት ሰዓት ይውሰዱ፤ ለቀጣዩ ከ4 ሰዓት በታች ከቀረ ግን ያለፈውን ይተዉት። ለማካካስ ብለው ሁለት በአንዴ አይዋጡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ካልሲየም፣ አይረንና የጨጓራ አሲድ ማስታገሻ ላይ ነው። በውስጣቸው ያለው ማዕድን ዶሉቴግራቪርን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል፤ ክኒኑ ተውጦም ወደ ደም የሚገባው ያንሳል። ስለዚህ ዶሉቴግራቪርን ከእነሱ 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ ይውሰዱ። ካልሲየምና አይረን ከምግብ ጋር ከሆነ አብረው መዋጥ ይችላሉ፤ አልሙኒየም ወይም ማግኒዥየም ያለበት የጨጓራ ማስታገሻ ግን ምግብ ቢኖርም አይቻልም። ለሳንባ ነቀርሳ ሪፋምፒሲን የሚወስድ ሰው ከ12 ሰዓት በኋላ ተጨማሪ 50 ሚሊ ግራም ዶሉቴግራቪር ያስፈልገዋል፤ ይህን ሐኪሙ ያዝዛል።

መድኃኒቱን አንዴ እየወሰዱ አንዴ መተው ከሁሉ የከፋ ነው። በደም ውስጥ ያለው መድኃኒት ቫይረሱን ለማቆም ሳይበቃ ሲቀር መድኃኒቱን የተላመደው ዝርያ ተመርጦ ይራባል። ይህም እንደ ሌላው ወደ መደበቂያው ይገባና ከዓመታት በኋላ ብቅ ሊል ይችላል። ሐኪም ሲቀይሩ ከዚህ ቀደም የወሰዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ያቆሙትንም ጭምር መናገር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የቫይረስ መጠን መድኃኒት ከተጀመረ በ6ኛው ወር፣ በ12ኛው ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ ይለካል። «አይታይም» ሲባል ቆይቶ አንድ ጊዜ 80 ወይም 120 ኮፒ ቢመጣ አይደናገጡ፤ ካንቀላፉት ህዋሳት ጥቂቶቹ ነቅተው የለቀቁት ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ምርመራው ይደገማል። ከ1,000 በላይ ከሆነ አወሳሰዱ ተፈትሾ ከ3 ወር በኋላ ዳግም ይለካል፤ መድኃኒት የሚቀየረው ከዚህ በኋላ ነው።

ሄፓታይተስ ቢ አብሮ ያለበት ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፦ ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን የጉበቱንም ቫይረስ ስለሚይዙ ድንገት ሲቆሙ ጉበት ክፉኛ ሊቆጣ ይችላል።

ቫይረሱ የማይታይበት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም፤ ይህ በጥናት የተረጋገጠ ነው። ደም መለገስ ግን አሁንም አይችልም፤ ከደሙ ጋር ህዋሳቱም ያልፋሉና።