የጓዳ ቆሻሻን በማዳበሪያ ከረጢት ኮምፖስት ማድረግ

የቤት ቆሻሻ የሚሸተውና ዝንብ የሚሰበስበው እርጥቡ ከደረቁ ስለሚቀላቀል ነው። የሽንኩርት ልጣጭና የቡና አተላ ከላስቲክ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ሲታፈኑ አየር አጥተው ይከረፋሉ፤ ቆራሌው ሊገዛው ይችል የነበረው ጠርሙስም ይጨማለቃል። የአዲስ አበባ ድብልቅ ቆሻሻ ለአሥርት ዓመታት የተከመረው ረጲ፣ ሕዝቡ ቆሼ በሚለው ቦታ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ከየጓዳው የሚወጣው እርጥብ ፌስታል ክብደቱን የሚያሳርፈው እንዲህ ባለ ክምር ላይ ነው። እርጥቡን ግን ከቤት ሳያወጡ አብስብሶ ኮምፖስት፣ ማለትም አፈር የሚያዳብር ብስባሽ፣ አድርጎ ወደ አፈር መመለስ ይቻላል።

እህል የመጣባቸው ሁለት ባለ 100 ኪሎ ማዳበሪያዎች፣ ክዳን ያለው ባልዲና ደረቅ ነገር ያዘጋጁ፦ የረገፈ ቅጠል፣ የተቀደደ ካርቶን ወይም ሰጋቱራ። ሰጋቱራው ኤምዲኤፍ ከሚባለው፣ የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጣብቆ ከሚሠራ ጣውላ የወጣ አይሁን። ሲሚንቶ የነበረበትን ከረጢትም ይተዉት። ማዳበሪያ ለዚህ ሥራ የሚመቸው በሽመናው መሐል አየር ስለሚያሳልፍ ነው፤ ውስጡ ላስቲክ ካለው ያውጡለት። ፀሐይ ላይ ከዋለ ግን በጥቂት ወራት ክሩ ይበጣጠስና ብናኙ አፈር ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አንዱን በሌላው ውስጥ ከተው ጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ያቁሙት።

ከታች 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ጭራሮ ወይም የበቆሎ ቆረቆንዳ ያንጥፉ። ልጣጩን ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አድርገው ይክተፉ። አንድ ባልዲ እርጥብ በገባ ቁጥር ሁለት ባልዲ ደረቅና አንድ ጭብጥ አፈር ያልብሱት። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ደረቁ የበዛ መስሎት ይቀንሰዋል።

የቡና አተላ፣ የጎመን እንጨት፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የበዓል ቄጠማ ሁሉ ይገባል። ከጫት ገረባ ቅጠሉ ይግባ፣ እንጨቱ ይቅር። የሸንኮራ ልጣጭ ካልደቀቀ ወራት ይፈጃል። ሥጋ፣ አጥንት፣ የዶሮ ሆድ ዕቃና ወጥ የነካው እንጀራ አይጥ ስለሚጠሩ አይግቡ። የውሻና የድመት ኩስም አይግባ። አመድ በሳምንት ከአንድ ጭብጥ አይለፍ፤ ሲበዛ ለተክል ምግብ የሚሆነውን ናይትሮጅን አሞኒያ በሚባል ጋዝ መልክ ያባርረዋል።

እርጥበቱን በእጅ ይፈትሹ። ጨብጠው ሲጨምቁት በጣቶችዎ መሐል አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ብቅ ካለ ልክ ነው። ከፈሰሰ ካርቶን ይጨምሩ፤ ከፈረፈረ ውኃ ያርከፍክፉ። በክረምት አፉን በላስቲክ ከዝናብ ይከልሉት። በየ10 ቀኑ ሸራ ላይ ገልብጠው፣ ዳር የነበረውን ወደ መሐል አድርገው ይመልሱት።

ጠረኑ ራሱ ይናገራል። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷል፤ ገልብጠው ደረቅ ይጨምሩ። የሽንት ጠረን ካመጣ እርጥቡ ወይም አመዱ በዝቷል። ጉንዳን ከሰፈረበት ደርቋል።

ሲሞላ መጨመር አቁመው ሌላ ይጀምሩ። በአዲስ አበባ ብርድ ከ3 እስከ 4 ወር ይወስዳል፤ እንደ አዳማ ባለ ሞቃት ቦታ ይፈጥናል፣ ውኃ ግን ቶሎ ቶሎ ይፈልጋል። ከረጢት እንደ ትልቅ ክምር ስለማይግል የቲማቲምና የዱባ ፍሬ ሳይሞት ሊወጣ ይችላል፤ ሲበቅል ይነቀላል።

መልኩ ጠቁሮ ዝናብ የነካው አፈር ሲሸት፣ በቆርቆሮ ጥቂት ወስደው አሥር ፍሬ ፌጦ ይዝሩበት። በሦስት አራት ቀን አብዛኛው አረንጓዴ ሆኖ ከወጣ ደርሷል። ከቀረ ወይም ከቢጫ ቅጠል ጋር ከወጣ ሁለት ሳምንት ይታገሱት። ለጎመንና ለአበባ ማሰሮ አንድ እጅ ኮምፖስት ከሦስት እጅ አፈር ጋር ይቀላቀላል። በወንፊት ተነፍቶ የቀረው ገለባ አይጣልም፤ ወደ አዲሱ ማዳበሪያ ሲመለስ እርሾ ይሆነዋል።